አምስተኛው ጥቅል

ሐምሌ ስልሳ ዘጠኝ፤ ከዚራ ጨለማ፣
የመኪናው መብራት በጥላሸት ታሽቶ፣
የጋሪው ቃጭል በጨርቅ ተጠፍንጎ፣ ኮቴ ብቻ ሲሰማ፣
እኛ ግን ሲኒማ።

የሙሴ ጋራቤድ የጥንት መጋዘን፣
መስኮቱን በሙሉ በብርድ ልብስ ዘግተን፣
ውስጡ ሰው ይቀቀላል፣ ሳምቡሳ ይሸጣል፣
ወንበሩ ሽቦ ነው፣ ሱሪ ይቦጭቃል።

ፊልሙ የጦር ዘመን፣ የሰላይ ታሪክ ነው፣
ቋንቋው ጣሊያንኛ፤
በዳሳ ቦሩ ግን ቆሞ ሲተረጉም፣
ከለገሀር ደጃፍ፣ ከሰው ሻንጣ ጋራ ተሸክሞ ያመጣው
አሥራ ሁለት ቃል ነው፣ እሱም ፈረንሳይኛ።

ሰላዩ ተንበርክኮ፣ የልጅቷን ጓንት ስሞ፣ ፍቅሩን ሲነግራት፣
«ትኬት ቆርጠሻል ወይ?» ብሎ በዳሳችን ከፊት ጮኸባት።
ካዝናውን በፀጉር ሽቦ ሲጎረጉር፣ ቀስ ብሎ፣ በእርጋታ፣
አንድ ሕፃን ቢያስነጥስ፣
ሦስት መቶ ሰው ዞሮ «እሽ! ይሰሙታል!» አለ፣ በአንድ ሹክሹክታ።

እኔ ከላይ ነኝ፣ ማሽኑ ክፍል፣
ያለቀ ጥቅል መልሼ የማጠነጥን።
በግድግዳው ሽንቁር ፊልም የማይ ይመስላቸዋል፤
የማየው የረውዳን እጅ ነው፣ ትኬት ስትቀድ፣
ሂናው የደበዘዘ፣ አምስት ጣት።

በትኬት ጉማጅ ላይ እንጻጻፋለን፦
«ዓርብ»። «ደቻቱ»። «እናቴ አለች፣ ተወው»።
ፖስታ ቤታችን የጣሳው ክዳን ነው፣
በዚያ ሰሞን ድሬ ያልተፈተሸ እሱ ብቻ ነው።

ከኋላ ረድፍ ላይ ጓድ ሽብሩ አለ፣ ደብተሩን አውጥቶ፣
ሰላዩን ይሰልላል፣ እርሳሱን በምላሱ ነክቶ፦
«ባርኔጣ ለባሽ ነው። ስሙ አልታወቀም።
ሰነድ ሰርቋል ማታ። ከሴት ጋር ታይቷል። ቀበሌ አላስፈቀደም።»

ቅዳሜ መጡብን፣ ጠመንጃ ታጥቀው።
«ሰውየው የት ነው የሚያድረው?»
ሙሴ ጋራቤድ ላቡን ጠረገና፣
«በጣሳ ውስጥ» አለ።

ጣሳዎቹ ታሰሩ።
ከአንድ ዱቄት ደባቂ ነጋዴ ጋር አደሩ።
እኔ ዓይኔ አልተከደነ፤
ከክዳኑ ሥር የሷ ጽሕፈት አለ፣
«ዓርብ» የሚል ቃል ብቻ ሰው ያስገድል ነበር፣ በዚያ ዘመን።
ጠዋት ተለቀቁ፣ ደረሰኝ ተሰጠን፦
«አራት ጣሳ ተይዘው ተጠይቀዋል። ቃል አልሰጡም።»

አምስተኛው ጥቅል አልመጣም ነበረ፣
ድልድዩ ከነደደ፣ ባቡሩም ከቀረ።
ስለዚህ ሁልጊዜ ጣቢያ ላይ ያልቃል፦
እሷ መርገጫው ላይ፣ እሱ እየሮጠ፣
ከዚያ ነጭ ግድግዳ፣
ከዚያ የበዳሳ ድምፅ፣ ከሆዱ እያመጣ።
ልጃቸው ግንባር ያለ እናቶች ከመጡ፣ ሰላዩ በደኅና ይመለሳል።
ወታደር ከበዛ፣ ያገባታል።
ጓድ ሽብሩ ካለ፣ ማኅበር ይገባል።

ነሐሴ ላይ ሳይረኑ ጮኸ፣ እውነተኛው።
አምፖሉን አጠፋሁ።
ቆርቆሮው ላይ አንድ ነገር አለፈ፣ ከባድ፣
ደረጃው ላይ ደግሞ እጅ መጣ፣ በዳበሳ፣
ጣቶቹን ቆጠርኩ፦ አምስት።

በማግስቱ፣ በፊያት፣ ከፍራሽና ከፍየል ጋር፣
በቁልቢ መንገድ ወደ አሰበ ተፈሪ።
ሮጥኩ።
ባርኔጣ አልነበረኝም።
አንድ እግር ነጠላ ጫማዬን አሸዋ በላው።

ባቡሩ ሲከፈት ጣሳው መጣ፣ ከጅቡቲ፣ ዝጎ።
አዳራሹ ሞላ። ከፈትን።
ሌላ ፊልም ኖሯል፤
አንድ ወፍራም ሰውዬ ከአህያ ጋር ይጣላል።
ሦስት መቶ አንገት ወደ በዳሳ ዞረ።
እሱ እንኳ አልደነገጠ፣ ጉሮሮውን ጠረገና፣
«ሰላዩ መልኩን ለውጦ ነው!»
«አህያዋስ?» «ጠላት ናት።»

ሳቁ ቆርቆሮውን ሊያነሳው ደረሰ።
በሽንቁሩ አየሁ፤ ትኬት የሚቀደው እጅ ሂና የለውም፣ የወንድ ነው።
«ልጅቷስ?» አለ አንዱ።

በዳሳ ቀና ብሎ ወደ ማሽኑ ክፍል፣ ወደኔ ተመለከተ፣
«ትኬት ቆርጣለች» አለ።